ለሥዕል የተቀመጠ ፖሊስ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል «ኮብላዩ» ብለን የምንተረጕመውን ሥዕሉን የሣለው «ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት» ለተባለው መጽሔት ነበር፤ መስከረም 10 ቀን 1951 ዓ.ም. በሽፋኑ ላይ ታትሞ ወጣ። አንድ ግዙፍ ፖሊስና አንድ ትንሽ ልጅ በምግብ ቤት ባንኮኒ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የልጁ ስንቅ በቀይ መሐረብ ተቋጥሮ ከነዱላው ከእግሩ ሥር ወድቋል። ፖሊሱ ወደ ልጁ ዘንበል ብሏል፤ አልያዘውም፥ አልተቈጣውምም።

ለዚህ ሥዕል የተቀመጠው የማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊስ የነበረው ሪቻርድ ክሌመንስ ነው። የሠዓሊው ጎረቤት ስለ ነበረ ተለመነ፤ እሺም አለ። ሮክዌል በመጀመሪያ በፎቶግራፍ አስነሥቶ በኋላ ይሥል ነበርና፥ ዘመናዊውን ምግብ ቤት ወደ ገጠር ቤት ለወጠው፤ ልጁ ከቤቱ ርቆ የሄደ እንዲመስል ብሎ ነው። ክሌመንስ ካረፈ ከዓሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥዕሉ ግን በብዙ የአሜሪካ ፖሊስ ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እኛ ይህን ያስታወስነው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለበዓል በወጣን ጊዜ ነው። የካቲት 16 ቀን በሕዝቡ መካከል እናቱ የጠፋችበት አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፥ ሥርዐት ያስከብር የነበረው ፖሊስ ቆቡን አውልቆ ከጐኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቲቱ እስክትመጣ ድረስ አልተነሣም። በዚያ ቀን የሚታሰበውም 78 ነፍስ የበላው፥ ነገር ግን ለተጠማ ሰው በሰጠው እፍኝ ውሃ የዳነው በላዔ ሰብእ ነው።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊው ከቀደመው ሠዓሊ ይቀዳል እንጂ ከጎረቤቱ አይቀዳም። መልኩ ከነስሙ የሚገባ በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር ሥዕሉን ያሣለው ባለጠጋ ነው፤ እርሱም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል። ደጎች ሁለት ዐይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች በአንድ ዐይን ይሣላሉ። (በዚህ ሥርዐት ቢሆን፥ ፊቱን በጐን ያዞረው ክሌመንስ ከአርዮስ ወገን በተቈጠረ ነበር!) በአዲሱ ሥዕላችንም ቢሆን ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። የአፈወርቅ ተክሌን «የመስቀል አበባ» ስናይ የሠዓሊውን ስም እንጠራለን፤ ማን እንደ ቆመለት ግን አንጠይቅም።

ሥዕል ያሳምራል እንጂ አይመሰክርም የሚል ወዳጅ አለን። እውነት ነው፤ ከገጠር ኮብልሎ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ የደንብ ልብስ ሲያይ የሚሸሽ ነው፥ የሚሸሽበትም ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ ያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ፖሊስም እውነት ነው፤ የሣለው ግን የለም፥ ስሙንም የጠየቀው የለም።

ክሌመንስና ለልጁ የተቀመጠው ኤድ ሎክ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ አንዱ ጡረታ ወጥቶ ሌላውም ጐልምሶ፥ እየተገናኙ ስለዚያ ቀን ለሚጠይቃቸው ሰው ያወጉ ነበር።