«ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?»



ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር።

«ዶክተርዬ፣ ወባ የያዘኝ ይመስለኛል» አለኝ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ጋርላንድ ውስጥ የምን ወባ ብዬ ልቀልድበት ስል ሚስቱ ስልኩን ተቀበለችው። ትኩሳቱ 39 ገብቷል፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦም ይንቀጠቀጣል፣ ደረቅ ሳል ይዞታል። ከጀርባዋ ሆኖ «አፌን ደግሞ ብረት ብረት ይለኛል» ሲል ሰማሁት።

ይህች አባባል አነቃችኝ። «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አልኩት።

«የሥጋ ማጨሻዬን ስበይድ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሥጋን በእንጨት ጭስ ቀስ አድርጎ ማብሰል ትልቅ ባህል ነው። ማብሰያውን ራሱ የሚሠራም ሞልቷል። አሮጌ የፕሮፔን ጋዝ ታንክ ይገዛና በጎኑ ያጋድመዋል፣ በር ይቆርጥለታል፣ በአንዱ ጫፍ የእሳት ሳጥን በሌላው ጫፍ ጭስ ማውጫ ይበይድበታል። እሳቱ ሥጋው ሥር አይነድም፤ ሙቀቱና ጭሱ ብቻ በሥጋው ላይ አልፎ ይወጣል። በመጨረሻ ባለ ጎማ ተጎታች ላይ ይታሰርና መኪና ይጎትተዋል። ወንድሜ ያገኘው ታንክ 250 ጋሎን፣ ወደ 950 ሊትር የሚይዝ ነው። ሐሳቡ ለፋሲካ ፍርምባ አጭሶ ከቤተ ክርስቲያን ለሚመጡ እንግዶች ማቅረብ ነበር።

ታንኩን የገዛ ሰሞን «ባዶ መሆኑን በምን አወቅክ?» ብዬው ነበር። «ዓመታት ሆኖታል» አለኝ። ባዶ የተባለ የጋዝ ታንክ ግን ባዶ ላይሆን ይችላል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቫልቩ ተከፍቶም ከታች ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አንዲት የፍሌክስ ብልጭታ ትበቃዋለች። ደግነቱ ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ በያጅ ነው። ቫልቮቹን ሜዳ ላይ ፈታ፣ ውስጡን በሳሙና አጠበ፣ ታንኩን እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ የቀረውን ጋዝ ካስወጣ በኋላ ነው መቁረጥ የጀመረው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቪዲዮ አይቶ የሚሞከር አይደለም።

እኔም ጎረቤቱ ካለ ብዬ እፎይ አልኩ። የታንኩን ታሪክ ጠይቄ የቀረውን ብረት ታሪክ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

በዚያ ቅዳሜ ጎረቤቱ አልነበረም። ወንድሜ የማገዶ መደርደሪያውን ብቻዬን እጨርሳለሁ ብሎ ከድሮ አጥር የተነቀለ ቱቦ አመጣ። ነፋስ ስለነበረ የጋራዡን በር ግማሽ ድረስ ዘጋው። ቱቦው ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ፣ እኛ ጋልቫናይዝ የምንለው ብረት ነበር። እንዲህ ያለ ብረት ሲበየድ ዚንኩ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ወዲያው ላይታወቀው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ነው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ሳልና የብረት ጣዕም የሚመጣው። ጉንፋን ወይም ወባ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይለቃል።

«ልጅቷስ?» አልኩ። የ6 ዓመት ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጠገቡ አትጠፋም። ሚስቱ ዝም አለች። ከዚያ «የብየዳው ብርሃን ዓይኗን እንዳይጎዳት ብዬ ቤት አስገብቻት ነበር፤ ተኝታለች፣ ደህና ናት» አለችኝ። ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

ወንድሜ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት። «የሥራ ባልደረቦቼ ወተት ጠጣ ይሉኛል፤ ጾም ነው እንጂ፣ ለመድኃኒት ሲባል ይፈቀዳል?» አለኝ። እኛም አገር በያጆችና ቀለም ቀቢዎች ወተት ጭስ ያጥባል ብለው ይጠጣሉ። ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። «ለዚህ ብለህ ጾምህን አትግደፍ» አልኩት። ይልቅ በስልክ ሳንባ ስለማይደመጥ በአስቸኳይ ክሊኒክ እንዲሄዱ፣ ሲገቡም አስቀድመው ስለ ብየዳው እንዲናገሩ አስጠነቀቅኳቸው። ካድሚየም የሚባለው ብረት ጭስም አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፤ እሱ ግን ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። የወንድሜ ኦክስጅንም ራጅም ደህና ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ዕለት ተነሣ።

ይህን የምጽፍላችሁ ማጨሻ እንድትሠሩ አይደለም። ምናለሽ ተራ ሄደን ያገለገለ በርሜል ገዝተን ሥጋ የምንጠብስበት፣ ውኃ የምናጠራቅምበት ሰዎች ስለሆንን ነው። ስለዚህ፦

1. ያገለገለ በርሜል፣ ጀሪካን ወይም ሲሊንደር ስትገዙ «ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ከሌለ ለምግብና ለውኃ አታድርጉት። ኬሚካል የነበረበትን ማጠብ ብቻ አያድነውም።

2. ጋልቫናይዝ ብረት እሳት የሚነካው ምድጃ ላይ አይግባ። ብየዳ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ልጆችም ብርሃኑን ቆመው አይመልከቱ።

3. ከብየዳ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ ሥራችሁን ንገሩ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተጨነቀ ወይም በሁለት ቀን ካልተሻለ ቤት አትቆዩ።

4. ጥብስ ካለቀ በኋላ የቀረውን ፍም «ቤት ያሙቅልን» ብላችሁ አታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ይገድላል።

5. ልጅ ከተቃጠለ ቁስሉን 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አትቀቡ።

6. የሥጋን መብሰል በቀለሙ አትፍረዱ፤ በጭስ የበሰለ ሥጋ በስሎም ጠርዙ ቀይ ሊሆን ይችላል። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ዶሮ ውስጡ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ይድረስ። የተጨሰ ሥጋ ደግሞ የበዓል እንጂ የዘወትር ምግብ አይሁን።

የፋሲካ ዕለት በቪዲዮ ደወለልኝ። ቅዳሜ ሌሊት እነሱ ለማስቀደስ ሲሄዱ እሳቱን የጠበቀው ያ ሽማግሌ ጎረቤት ነው። ፍርምባው በኦክ እንጨት ጭስ 12 ሰዓት ሙሉ በስሎ ጠቁሯል። «ሽታው እናታችን በወይራ የምታጥነውን የወተት ዕቃ አስታወሰኝ» አለኝ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ግን መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ይሄኛውስ ብረት?»

«አዲስ ነው ዶክተርዬ» አለ እየሳቀ። «ከዚህ በፊት ምንም አልነበረም።»

በዓይነ ሥጋ የማይታየው ነው የሚጎዳን፤ መጠየቅ ግን ዋጋ አያስከፍልም። ቤታቸው በያጅ ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!