ቀዩ ዕንቍላል በጌቴሴማኒ

የትንሣኤን በዓል በዴር ሡልጣን ካከበርን በኋላ፥ በማግሥቱ በማዕዶት ጧት ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ወደ ጌቴሴማኒ ወረድን። በአንበሳ በር ወጥተን የቄድሮንን ሸለቆ ተሻገርን፤ የእመቤታችንን መካነ መቃብር ተሳልመንም በደብረ ዘይት ጎን ወዳለችው ወደ ሩስያውያን ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ያዝን። ሰባት የወርቅ ጉልላቶቿ ከሩቅ የሚያበሩት ይህች ቤተ ክርስቲያን በማርያም መግደላዊት ስም የተሠራች ናት። ያሠራትም የሩስያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ለእናቱ መታሰቢያ ሲሆን፥ የተባረከችው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

በውስጧ፥ ቅዱሳት ሥዕላት ከተደረደሩበት ግድግዳ ከፍ ብሎ፥ ቅድስት ማርያም በጢባርዮስ ቄሣር ፊት ቆማ ቀይ ዕንቍላል ስታቀርብ የሚያሳይ ሰፊ ሥዕል አለ። በትውፊት እንደሚነገረው፥ የጌታን ትንሣኤ ባበሠረችው ጊዜ ቄሣሩ «ይህ ዕንቍላል ካልቀላ በቀር የሞተ ተነሣ ቢሉኝ አላምንም» ቢላት፥ ዕንቍላሉ ወዲያው ደም መሰለ። ይህ በወንጌል የተጻፈ አይደለም፤ ነገር ግን በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ እጅግ የተወደደ ታሪክ ነው።

የእኛና የሩስያውያን ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላልና፥ ስንወጣ አንዲት መነኩሲት ከቅርጫታቸው ለያንዳንዳችን ቀይ ዕንቍላል አደሉን። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ግን ተቀብለው እያገላበጡ ዝም አሉ። ቈይተውም «ልጆቼ፥ ይህ የእኛ ሥርዓት ነውን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር፤ ለመመለስ ስንሞክር ግን ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

ግሪኮች ዕንቍላሉን በጸሎተ ሐሙስ በቀይ ቀለም ይነክሩታል። ቀይነቱ የጌታ ደም፥ ቅርፊቱ የታተመው መቃብር ምሳሌ ነው ይላሉ። በትንሣኤ ሌሊት አንዱ የአንዱን ዕንቍላል በጫፉ እየመታ «ክርስቶስ ተነሣ»፥ «በእውነት ተነሣ» ይባባላሉ። መጀመሪያ የተነከረውንም በቤታቸው በሥዕለ አድኅኖ አጠገብ ያኖሩታል። በዩክሬን ደግሞ ሴቶች የቀለጠ ሰም በቀጭን መሣሪያ እየቀዱ በዕንቍላሉ ላይ መስቀልና ዓሣ፥ የስንዴ ዛላም ይሥላሉ። ሰም የነካው ስፍራ ቀለም አይቀበልምና፥ ከቢጫ ወደ ቀይ፥ ከቀይ ወደ ጥቁር እየነከሩ በመጨረሻ ሰሙን በእሳት አሙቀው ሲጠርጉት ሥዕሉ ሁሉ ይገለጣል። ስሙ ፒሳንካ ነው፤ «መጻፍ» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። ኮሎሚያ በምትባለው ከተማ በ2000 ዓ.ም. ለዚሁ ጥበብ የተሠራው ሙዚየም ራሱ የዕንቍላል ቅርጽ አለው።

ያችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ንጉሥም በ1885 ዓ.ም. ፋቤርዤ የሚባለውን ወርቅ ሠሪ አዝዞ ለባለቤቱ የፋሲካ ዕንቍላል አሠርቶላት ነበር። ላዩ ነጭ፥ ሲከፈት አስኳሉ ወርቅ፥ በአስኳሉም ውስጥ የወርቅ ዶሮ ተቀምጣበታለች። ድንቅ ሥራ እንደ ሆነ አንክድም፤ ሆኖም የመነኩሲቷ ዕንቍላል በልጦብናል፤ ቢያንስ ይበላል።

ነገሩን ከሥሩ ላስተዋለው ሰው ከቀለሙ የሚቀድመው ጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም ዕንቍላል አይበላም፤ ዶሮ ግን ጾም አታውቅምና መጣሏን አትተውም። የተጠራቀመው ሁሉ ለፋሲካ ይደርሳል። በምዕራብም ቢሆን በቀድሞው ዘመን እንዲሁ ይጾም ነበር፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1290 ዓ.ም. ለፋሲካ ስጦታ 450 ዕንቍላል በወርቅና በቀለም ለማስጌጥ 18 ፔኒ ማውጣቱ በቤተ መንግሥቱ የሂሳብ መዝገብ ተጽፏል። ዛሬ ግን በብዙ አገር ጾሙ ተረስቶ ዕንቍላሉ ብቻ፥ እርሱም ቸኮላታ ሆኖ፥ ቀርቷል።

እኛ ቀለም አንቀባውም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ተቀቅሎና ተልጦ ከዶሮው ወጥ ይገባል፥ ለቤተ ሰቡም ይታደላል። ነገር ግን ቀና ብለን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት ብናይ፥ በመስቀሉ ዙሪያ የሰጎን ዕንቍላል እናገኛለን። ሰጎን ዕንቍላሏን ዓይኗን ሳትነቅል እንደምትጠብቅ፥ እግዚአብሔርም እኛን እንዲሁ ይጠብቀናል ብለው አባቶች ያመሰጥሩታል። ግብፃውያን ይህንኑ ዕንቍላል በመቅደሱ ፊት ይሰቅሉታል። በሰሙነ ሕማማት በተሳለምነው በአርመኖች በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያንም፥ በኩታህያ ከተማ ከሸክላ የተሠሩ ዕንቍላሎች ከመብራቶቹ በላይ ተንጠልጥለው አይተናል።

ይህን ሁሉ ስንነግራቸው እኒያ እናት በዝምታ ሰሙን። በኋላም የልባቸውን ገለጹልን። በአሜሪካ ያለች የልጃቸው ልጅ፥ በትምህርት ቤቷ ሕፃናቱ የቸኮላታ ዕንቍላል በሣር ውስጥ ሲፈልጉ አይታ፥ «እማማ፥ እኛስ የፋሲካ ዕንቍላል አለን?» ብላ በስልክ ጠይቃቸው ኖሯል። «የለንም፤ የእነርሱ ነው አልኳት። አዝና ዘጋችው» አሉን። ጥቂት ቈይተውም «ለካ በጉልላታችን ላይ ነበረ» ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ማታ ዴር ሡልጣን ስንመለስ ዕንቍላሉን ልጠው ለአራት ከፈሉልንና አብረን በላን። ቀዩን ቅርፊት ግን አንዱንም ሳይጥሉ በወረቀት ጠቅልለው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አኖሩት፤ ለሕፃኒቱም በዚያው ሌሊት ሊደውሉላት ስልካቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ወጡ።