ረዳት

ሃቫና ጎዳና ላይ መብራቱ ቀይ ሲሆን አባዬ ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ ግን ዝም ብላ ሄደች። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ተክሎ፣ ከመቀመጫው ብድግ እስኪል ሲረግጥ የእግረኛ ማቋረጫውን ግማሽ አልፋ ቆመች። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ቀጥ ብላ አየችን። አልተሳደበችም። አባዬ እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቃትና ቀኝ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

መኪናዋ የ1970 ሼቭሮሌ ሲ-10 ፒክአፕ ናት። አባዬ ግን እዚህ ኮሎራዶ ሃያ ዓመት ኖሮም “የ62 ሞዴል” ነው የሚላት፣ በኛ አቆጣጠር። ፍሬኗ እንደ ዘመኗ ነው። አራቱም ጎማ ላይ ታምቡሮ ነው፤ በፔዳሉና በፍሬን ዘይቱ መካከል ከሹፌሩ እግር ሌላ የሚያግዝ ነገር የለም። ፔዳሉ ራሱ እንደ መፈንቅል ስለሆነ የእግርን ጉልበት ስድስት ጊዜ ያህል ያባዛል፤ ታምቡሮም የራሱ ብልሃት አለው፣ ሸራው ሲነካው በመሽከርከሩ ሸራውን ይበልጥ ወደ ራሱ ይስበዋል። ለዚህ ነው ያኔ በዚህ መልኩ ለመሸጥ የደፈሩት። ግን የሰው ጉልበት ያረጃል።

“እንቀይረው” አልኩት።

“አንቺ ሹፌሩን ልትቀይሪ ነው እንጂ መኪናዋን አይደለም።”

ይሄ ሰው ወጣትነቱን በአሰብ መስመር ላይ የጨረሰ የኤንትሬ ሹፌር ነው። ያንን የፊያት ካሚዮን እየነዳ ያልወረደው ቁልቁለት የለም። ፍሬን በእግር የሚሰማ ነገር ነው ይላል፤ ሲከብድ፣ ሲለሰልስ፣ ሲያኮርፍ ይነግርሃል፣ መሐል ላይ ሌላ ነገር ካስገባህ አትሰማውም። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ቢቸግረኝ “ቡስተር ማለት እኮ ረዳት ማለት ነው፣ አንተ ያለ ረዳት ነድተህ ታውቃለህ?” አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ “እሺ” አለ። በቀልዴ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ መካኒክነቴ የዩቲዩብ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። ዲስክ ብቻውን አስገብቼ ቡስተሩን ብተወው ይብስ ነበር፣ ምክንያቱም ዲስክ እንደ ታምቡሮው ራሱን አያግዝም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ታምቡሮ ሙቀቱን ውስጡ አፍኖ ይይዛል፤ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፣ ሸራውም መያዙን ይተዋል። ዲስክ ነፋስ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለቱንም አዘዝኩ። ከ1971 ጀምሮ ፋብሪካው ራሱ ፊት ለፊት ዲስክ ሲያደርግ የጎማውን ብሎን ከስድስት ወደ አምስት ቀንሶታል፤ አባዬ ግን “ቸርኬዬን የሚነካ የለም” ስላለ ስድስት ብሎን የሚቀበል ዕቃ እስካገኝ ፍዳዬን አየሁ።

ቡስተሩ ትንሽ ምጣድ የሚያክል ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ላስቲክ አለ። ሞተሩ በቱቦ አየሩን ይስብለታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በአንድ ወገን የውጭ አየር ይገባና ላስቲኩን ይገፋዋል። የሚረዳህ አየር ነው በቃ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ስነግረው አባዬ “ታዲያ አዲስ አበባ ሊሠራ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ። (ይሠራል፤ ግን ነጥቡን ወስዷል።)

የዛጉትን ብሎኖች መፍታት ሁለት ቅዳሜና እሁድ በላ። የመጨረሻው ሥራ ከቧንቧው ውስጥ አየር ማስወጣት ነው፣ ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሱ ላይ ፔዳሉ ጋ፣ እኔ ታች በጀርባዬ ተኝቼ። በጣም ከሚርቀው፣ ከቀኝ የኋላ ጎማ ተጀመረ። “ርገጥና ያዝ!” ስል ይረግጣል፤ እፈታለሁ፣ አረፋ የተቀላቀለ ዘይት ይወጣል፣ አጠብቃለሁ። “ልቀቅ!”

ሦስተኛው ጎማ ላይ “ያዝ” ካልኩት በኋላ ቁልፉ አምልጦኝ ስፈልግ ከላይ ድምፁ መጣ።

“ታርማበር ላይ ቡና ጭነን ነበር። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሽታው መጣ። ብረግጥ አልይዝ አለኝ። ማርሽ ልመልስ ብል አልገባልኝ አለ። ረዳቴ ታኮውን ይዞ ዘለለ።”

ዝም አለ። ፊቱ አይታየኝም።

“ለሰው ስናገር ራሱ ነው የዘለለው እላለሁ። ‘ውረድ’ ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ታኮው ያዘ፣ መኪናው ገደሉን ትቶ ተራራውን ተደግፎ ቆመ። ጎማው ግን እግሩን አገኘው።”

ደሴ ያለው “ወንድሜ” በየወሩ ገንዘብ የሚላክለት ለምን እንደሆነ እናቴን ስጠይቃት “አባትሽን ጠይቂ” ትለኝ ነበር። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ቁልፉን አግኝቼ በእጄ ይዤ ተኛሁ። የምለው ጠፋኝ።

“አሁን ልልቀቅ?” አለ።

ይህን ሁሉ ሲያወራ በዚያ ጉልበቱ ረግጦ ይዞ ነበር።

“ልቀቅ አባዬ።”

በሳምንቱ ማለዳ ባዶ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ ሞከርናት። በድሮው ጉልበቱ ሲረግጣት ኮፍያው ከራሱ ተነስቶ መስታወቱን መታ። እስኪለምዳት ሦስት ጊዜ ተሰዳደብን። ከዚያ በአይ-70 ወደ ምዕራብ ተራራውን ወጣን፣ የአይዘንሀወርን ዋሻ አለፍን። ከዋሻው ሲወጣ መንገዱ ወደ ሲልቨርቶርን ቁልቁል ይለቃል። በቀኝ በኩል ፍሬን እምቢ ላላቸው ካሚዮኖች የተሠራ፣ ሽቅብ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ። አባዬ በመስኮቱ አየውና ፍጥነቱን ቀነሰ።

“ይሄ ለምንድነው?”

ነገርኩት።

ሁለተኛውም እስኪያልፍ በመስተዋቱ ሲያየው ነበር። ከዚያ ማርሹን ወደ ታች መለሰ፣ ሞተሩ አጓራ።

“ፍሬን አላት እኮ” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለና እስከ ታች በማርሽ ወረደ።