ከአራብሳ ወዲያ፣ ከየረር ወዲህ

ኅዳር መባቻ፣ ማለዳ

ጎሮ ላይ ታክሲ ቀይሬ አራብሳ ስወርድ ገና 12 ሰዓት አልሞላም። ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ አስፋልቱም ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ በጤፍ ማሳዎች መሀል ቁልቁል ይወርዳል። ገደል የለም፣ ፏፏቴ የለም፣ ሰው ቆም ብሎ «ወይ ጉድ!» የሚልበት ነገር የለም። ያለው ማሳ፣ የማሳ ድንበር፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ አንድ ብቸኛ ግራር፣ ራቅ ብለው ደግሞ የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የረር ተራራ ይታያል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ቢሆንም የቆምኩበት ሜዳ ራሱ ከ2,200 ሜትር በላይ ነውና አያስደነግጥም፤ ረጋ ብሎ ከሜዳው ይነሣል፣ ረጋ ብሎ ይመለሳል።

የሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ግማሽ ሥራው ተሠርቶለታል። እዚህ መሬቱ ዝም ይላል፤ የሚያናግረው ሰዓትና ወቅት ነው። ስለዚህ ከቦሌ ስነሣ የማስበው የት እንደምቆም ብቻ አይደለም፤ ገበሬው በዚህ ሳምንት ምን እየሠራ እንደሆነና ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትወጣ ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስላለች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። እንግሊዝ አገር በበጋ አንድ ሰዓት ሊጠጋ የሚቆየው ለስላሳ የጠዋት ብርሃን እዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ብርሃኑ ከመጣ በኋላ ወዲያና ወዲህ እያሉ ቦታ መምረጥ አይቻልም፤ በጨለማ መጥቶ፣ ትራይፖድ ተክሎ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ጨረር ማሳው ላይ በጎን ሲያርፍ፣ በቀን ዝርግ የሚመስለው መሬት እብጠቱም ስርጉደቱም ይገለጣል። የቆየ የውኃ ቦይ፣ የትልም መስመር፣ ከብት በክረምት ጭቃ ላይ ትቶት የሄደው ዱካ ሁሉም ጥላ ያወጣል። 2 ሰዓት ሲሆን ይህ ሁሉ የለም።

ብዙ ሰው ለመልክዓ ምድር ፎቶ ሰፊ ሌንስ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሰፊ ሌንስ የፎቶውን ግማሽ ባዶ ሰማይ፣ ግማሹን ባዶ መሬት ያደርገዋል። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ግን ርቀቱን ያቀራርባል፤ የደረሰው ቢጫ ጤፍ፣ ገና አረንጓዴ የሆነው ጓያ፣ ታጭዶ የተራቆተው ጥቁር መሬት አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው፣ የረርም ከኋላቸው ተጠግቶ ይወጣል። ስልክ ብቻ የያዘም ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው እሱን ቢጠቀም ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል።

ኅዳር 12

ዛሬ ወደ ሜዳው አልወረድኩም። ከኮተቤ በላይ ወደ የካ ኮረብታ ወጣሁ፤ ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ። ለሚካኤል በዓል ነጭ የለበሱ ምዕመናን አብረውኝ ይወጣሉ። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው የዛሬው ጭስ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ልማድ ነው። ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ቢቀር ደስ ይለኛል። ጭሱ በማለዳው ብርድ ሳይነሣ መሬት ለመሬት ሲተኛ ግን በሲኤምሲና በአያት በኩል ያሉት ጎባጣ መሬቶች ከሌላው ቀን በተለየ አንዱ ከሌላው ተለይተው ይታያሉ። በሌላው ቀን መልካቸው አንድ ወጥ ነው። ለፎቶው ግን የዛሬው ዓይነት ጭስ የግድ አይደለም፤ በየትኛውም የበጋ ማለዳ ከየመንደሩ የሚወጣው የኩበት ጭስ ይህንኑ በትንሹ ይሠራል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ

እንደገና ከአራብሳ ወዲያ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ከበሬዎቹ ኋላ የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ።

«አካም ኦልተን፣ አባባ።»

ፈገግ አሉና በአማርኛ መለሱልኝ። «ደህና ዋልክ ልጄ? ከቦሌ ነው የመጣኸው?»

«አዎ አባባ። ቢፈቅዱልኝ ፎቶ ላነሣ ነበር።»

«ምኑን? ገለባውን?»

«ገለባውንም፣ በሬዎቹንም፣ እርስዎንም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። አሁን ብታነሣ ምንም አታገኝም። ነፋሱ ገና ነው፤ ሥራው ያለው ነፋስ ሲመጣ ነው።»

ፎቶ አንሺ ሊሰጠኝ የሚችለውን ምክር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ቁጭ አልኩ። አንድ አውሮፕላን በላያችን አልፎ ሄደ፤ ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነሣ ልጃቸው ላይዳውን አንሥቶ የተወቃውን ወደ ላይ መበተን ጀመረ። እኔ ፀሐይን ከበስተፊቴ ማድረግ ፈለግሁ። ፀሐይዋ በስተምዕራብ ነበረችና አውድማውን ዞሬ በምሥራቁ ወገን መቆም ነበረብኝ፤ ልጁን በእኔና በፀሐይ መሀል አስገባሁት። ብርሃኑ ከኋላ ሲመታው እያንዳንዱ ላይዳ ሙሉ አየር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ጤፉ ከባድ ነውና ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እብቁ ወርቃማ ሆኖ ወደ ጎን ይነጠላል። በጣም ፈጣን የመዝጊያ ፍጥነት እያንዳንዱን ቅንጣት ያቆመዋል፤ ያ ፎቶ ጥርት ያለ ቢሆንም የሥራውን ጉልበት አያሳይም። ወደ 1/60 ሰከንድ ዝቅ ሳደርገው ግን እብቁ መስመር ይሠራል፣ የልጁ ክንድ በጥቂቱ ይደበዝዛል፣ ፊቱና መሬቱ ይረጋሉ። የወደድኩት እሱን ነው። ከበስተኋላው የሚታየው ዝርግ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አላስፈለገውም።

አዛውንቱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ታጥቦ በወረቀት የወጣ ፎቶ። በስልክ ማሳየት አይበቃም። የሰውን ማሳና የሰውን ሥራ የሚያነሣ ሁሉ ይህን ግዴታው አድርጎ ቢይዘው እላለሁ። ሌላም ነገር፦ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ወደ አየር ማረፊያው አጥር ሲጠጉ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ መክተት ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

ጥር

ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሺንዞ ማኤዳ ትዝ እያለኝ ነው የሰነበትኩት። በሆካይዶ ደሴት ቢኤ የምትባለውን የእርሻ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይቶ ዕድሜውን ሙሉ ተመላለሰባት። ቢኤ ውስጥ ያለው ድንችና ስንዴ የሚዘራበት ለስላሳ ኮረብታ ነው። የሱ ፎቶዎች አገሩን ሁሉ ወደዚያች ወረዳ አመጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እዚያው የራሱን የፎቶ ማሳያ ከፈተ። ሜዳችን ከቢኤ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። የጎደለው የሚመላለስበት ሰው ነው።

መሬቱ ደግሞ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ! በመስከረም የማሳው ድንበር አደይ አበባ ይለብሳል፤ የዝናቡ ማብቂያ ላይ ውኃ የጠጣው መረሬ መሬት ሽምብራና ጓያ ይቀበላል። ጥቅምት የጤፉ ወር ነው፤ ዘለላው ከብዶት ጎንበስ ሲል ትንሽ ነፋስ ማሳውን ሙሉ ያንቀሳቅሰዋል፣ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ግማሽ ሰከንድ ያህል ማንሣት ይህን ያሳያል። አሁን፣ በጥር፣ ያው መረሬ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ተንበርክኬ አንዱን ስንጥቅ አየሁ፤ እጄ እስከ አንጓው ይገባል፣ ከውስጡ አንዲት የሽምብራ ቅጠል ጤዛ ይዛ ወጥታለች። ትልቅ መልክዓ ምድር ፍለጋ የወጣ ሰው ወደ እግሩ ሥርም ይመልከት።

ክረምቱን ብዙዎቻችን ካሜራ ቆልፈን እናሳልፈዋለን፤ ሰማዩ ግን ሊያመልጠን አይገባም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል ያደገው እንዲሁ ዝርግና ለስላሳ በሆነ የገጠር አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሐምፕስቴድ ላይ ደመናን ብቻ ደጋግሞ ሣለ፤ ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። ሰፊ ሜዳ ሰፊ ሰማይ አለው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከየረር በላይ የሚከመረውን ደመና የሚያህል ነገር በበጋ አይገኝም። ዝናቡ ቆም ሲልና ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ አንድ ማሳ ብቻ ስታበራ የሚፈለገው ፈጣን እግር ነው፤ ጭቃው ግን ቦቲ ጫማ ይጠይቃል።

የቀረው የሕንፃው ጉዳይ ነው። የትኛውም ማሳ ላይ ቆሜ ወደ ምዕራብ ብዞር ኮንዶሚኒየም ይታያል፤ ባለፈው ዓመት ጤፍ የነበረበት ላይ ዛሬ ችካል አለ። ጓደኞቼ ፍሬሙን አጥብበው ሕንፃውን ያስወጡታል። እኔ አላስወጣውም። እነዚያ ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ሰው የሚበላው እንጀራ ከእንዲህ ያለ ማሳ የመጣ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ከሁለቱም ይበልጥ ይናገራል። ብቸኛውን ግራር ምልክት አድርጌዋለሁ። በየወሩ ከዚያው ቦታ በዚያው ሌንስ ማሳውን፣ ኮንዶሚኒየሙንና ሰማዩን አብሬ አነሣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ኅትመት ጀርባም እንደ ኮንስታብል ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማሳው ላይ የተዘራውን እጽፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አዲስ ፎቶ ፌስትን በመሰለ መድረክ ላይ በተርታ ቢሰቀሉ፣ ከጎሮ እስከ አያት ያለው ነዋሪ መጥቶ ቤቱ የቆመበትን መሬት ቢያየው እወዳለሁ።