የሸክላው ክርክር

ሁለቱ ባልንጀሮች፣ ሠዓሊውና መምህሩ፣ በዚያ ምሽትም አልተስማሙም። ሠዓሊው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ ያስቀረጸውን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» አስቀደመ፤ ቀለምን ከቀለም ማጋባት የተማረው የአገሩ ቅኝት ከቫይብራፎንና ከላቲን ምት ጋር ሲዋሐድ ከሰማ ወዲህ እንደ ሆነ ተናገረ። መምህሩ ግን፣ «ዘፋኝ የሌለበት ዜማ ለእኔ ባዶ ቤት ነው» ሲል፣ ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመውን «ኧረ መላ መላ» አነሣ። ክርክሩ ጋለ፤ ሁለቱም ሸክላዎች የሳክስፎን ባለዕዳ መሆናቸውን የዘነጉ ይመስላል።

«እንግዲያውስ አምጣውና እየሰማን እንፍረድ» አለ ሠዓሊው።

መምህሩ ዝም አለ። ሸክላው የታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ወንድሙ ካረፈ ወዲህ መርፌ አልነካውም። ቆይቶ ተነሣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና አጫወተው። ከዜማው አስቀድሞ የመርፌው ሽሽታ ተሰማ። አንደኛው ፊት ሲያልቅ ሠዓሊው ቀስ ብሎ፣ «ገልብጠው» አለ።