ዋጋው የተጻፈበት ህንድና ዋጋው ያልተጻፈበት ህንድ

ስለ ህንድ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ላሟ፣ ስለ ፊልሟና ስለ ሙቀቷ እንዳወራለት ይጠብቃል። የሙቀቱን ነገር ሌላ ቀን። ዴልሂ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉም በላይ የገረመችኝ ግን ከብስኩት እሽግ ጀርባ የምትገኝ አንዲት መስመር ናት። "ኤም አር ፒ" ትልና ከጎኗ ቁጥር ይከተላል። ባጭሩ "ታክሱን ጨምሮ ከዚህ በላይ አይሸጥም" ማለቷ ነው።

ነገሩ የነጋዴው በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ሕግ ነው። ሳሙናው፣ የታሸገው ውሃ፣ በላስቲክ የሚመጣው ወተት፣ ሻምፑው፣ የራስ ምታት ክኒኑ፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጣ ከፍተኛው የችርቻሮ ዋጋ ታትሞበት ነው የሚወጣው። ባለሱቁ ከዚያ ዝቅ አድርጎ መሸጥ ይችላል። ከፍ ካደረገ ግን በ2009 የወጣው የመለኪያ ሕግ ያስቀጣዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ባለ 10 ሩፒው ብስኩት ቢሃር ገጠር ውስጥም 10 ነው፣ ሙምባይ የባለሀብቶች ሰፈርም 10 ነው። ሕፃን ልጅ ብትልኩ አያታልሉትም። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቁጥሯን ያውቃታል።

አንድ መንገድ ላይ ያሉ ሦስት ሱቆች አንዱን ዘይት በሦስት ዋጋ ከሚሸጡበት፣ ጠዋት የጠየቃችሁት ዕቃ ከሰዓት "ዶላር ጨምሯል" ተብሎ ከሚጠብቃችሁ አገር ለመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሂንዲ ሳልችል ሱቅ ስገባ እሽጉ ስለ እኔ ይናገርልኝ ነበር። ባለሱቁ መልኬን አይቶ ዋጋ ሊያወጣልኝ አይችልም። ለጎረቤቱ የሸጠውን ዕቃ ለእኔም በዚያው ዋጋ ይሸጥልኛል። በእኔ አስተያየት ህንድ ለድሃዋም ለእንግዳዋም ካደረገቻቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ ማንም ግን ሲያወራለት አልሰማም።

ማታለያ የለውም እያልኩ አይደለም። በበጋ ቀዝቃዛ መጠጥ ስትገዙ "የማቀዝቀዣ" ብሎ ሁለት ሦስት ሩፒ የሚጨምር ባለሱቅ ሞልቷል። ፋብሪካዎቹም የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ የ5 ሩፒውን ብስኩት ዋጋ ሳይነኩ ግራሙን ይቀንሱታል። ግን ልብ በሉ፣ ዋጋውም ግራሙም እሽጉ ላይ ስለተጻፈ ሰው ያየዋል፣ ስላየውም ይከራከራል። በሴፕቴምበር 2025 መንግሥት የሽያጭ ታክሱን በብዙ የዕለት ዕቃዎች ላይ ሲቀንስ የሰፈራችን ሴቶች አሮጌውንና አዲሱን የሻምፑ ዋጋ ይዘው ባለሱቁን ሲያፋጥጡት ነበር። ለጥቂት ሩፒ! ማን ነበር በኛ አገር የታክስ ለውጥ ሲታወጅ ሱቅ ሄዶ "የኔ ድርሻ የት አለ?" ብሎ የሚጠይቅ?

የአየር ማረፊያውን ሻይ ደግሞ እዩት። እዚህም እንደ ሌላው ዓለም አየር ማረፊያ ውስጥ ሻይ ጠጥቶ ሒሳብ መክፈል ያስደነግጣል። አንድ የፓርላማ አባል ይሄን ጉዳይ ምክር ቤት ውስጥ አነሳው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዲሴምበር 2024፣ ኮልካታ አየር ማረፊያ ሻይ በ10 ሩፒ፣ ሳምቡሳ በ20 ሩፒ የሚሸጥበት ካፌ ተከፈተ። ስለ ሻይ ዋጋ ፓርላማ ውስጥ መናገር የሚያሳፍርበት አገር አለ። እኔ ግን ፓርላማ ስለ ሻይ ካላወራ ስለ ምን ሊያወራ ነው እላለሁ።

ቁጥር ሰው ፊት መቆሙን የለመደ ሕዝብ ስልክ ሲሰጡት ምን እንዳደረገ ደግሞ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዩፒአይ የሚባለው የክፍያ ሥርዓት የተጀመረው በ2016 ነው። በኦገስት 2025 በአንድ ወር ብቻ ከ20 ቢሊዮን በላይ ክፍያ ተፈጽሞበታል። በጋሪ ኦቾሎኒ የሚሸጠው ሰውዬ ኪው አር ኮድ ለጥፏል፤ ትከፍሉታላችሁ፣ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ "ሃያ ሩፒ ደርሷል" ብላ ለመንገደኛው ሁሉ ታውጃለች። ድሮ "ዝርዝር የለኝም" ተብሎ በመልስ ፋንታ የሚሰጠው ከረሜላ እየቀረ ነው። የህንድ ባንክ ሒሳብ የሌለው እንግዳ በአብዛኛው ከዚህ ድግስ ውጭ መሆኑ ግን ሊነገር ይገባዋል።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ዋጋው የተጻፈበትን ህንድ ነው። ሌላው ህንድ ከሱቁ በር ይጀምራል።

ከሱቅ ወጥታችሁ ባጃጅ ትጠራላችሁ። እኛ ባጃጅ የምንለው በሠሪው ኩባንያ ስም ነው፣ እዚህ "አውቶ" ነው የሚሉት። ሜትር አለው፣ ታሪፉንም መንግሥት ያወጣዋል። ሙምባይ ከሆናችሁ ሾፌሩ ሳትጠይቁት ሜትሩን ያበራል፣ የቆጠረውን ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ዴልሂ ወይም ባንጋሎር ከሆናችሁ ግን ሜትሩ ብዙ ጊዜ ጌጥ ነው። ሾፌሩ ወደ ላይ ወደ ታች ያያችኋል፣ ጫማችሁን ያያል፣ ቀለማችሁን ያያል፣ ከዚያ ቁጥር ይጠራል። አንድ አገር፣ አንድ ዓይነት ተሽከርካሪ፣ ሁለት ዓይነት ጸባይ። ስለዚህ "ህንዶች እንዲህ ናቸው" የሚለውን ወሬ አልቀበልም። የሙምባዩ ሾፌር ከዴልሂው የተሻለ ልብ ይዞ አልተወለደም፤ ሜትር ማብራት ልማድ የሆነበት ከተማ ውስጥ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ ለራሴ ሐሳብ መከራከሪያ ላቅርብ። ዋጋ ያልተጻፈበት ሁሉ ክፉ አይደለም። አትክልት ሻጩ ጋ ዋጋ አይታተምም። ግን ቲማቲምና ድንች ከገዛችሁ በኋላ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና ሁለት ሦስት ቃሪያ ጣል ያደርግላችኋል፣ በነፃ። እኛ ምርቃት የምንለው ነው። ይሄ ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በ2024 አንድ በደቂቃዎች ውስጥ ዕቃ ቤት የሚያደርስ ኩባንያ የአንዲት እናት ቅሬታ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከተነሳ በኋላ ከአትክልት ጋር ድንብላል በነፃ መስጠት ጀመረ። ቅሬታዋ "ለድንብላል ደግሞ ይከፈላል እንዴ?" የሚል ነበር። ሴትየዋ ልክ ናት። ምርቃት ታሪፍ የለውም፣ ዝምድና ነው።

ችግሩ ምርቃትና ዝርፊያ አንድ በር መጠቀማቸው ነው። ዋጋ ባልተጻፈበት ቦታ ለሚያውቁት ሰው ይጨመርለታል፣ የማያውቁት ላይ ይጨመርበታል። ደንበኛ ከሆናችሁ ድንብላል፣ እንግዳ ከሆናችሁ እጥፍ ሒሳብ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ተረት የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ገበያ መሰለኝ።

የቤት ኪራይ እንዲሁ ነው። በ2021 የወጣው የኪራይ ሞዴል ሕግ የመኖሪያ ቤት ማስያዣ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ክልሎች ካልተቀበሉት ግን አያስገድድም፣ ባንጋሎር ውስጥ ደግሞ የ10 ወር መጠየቅ የታወቀ ነገር ሆኖ ኖሯል። ከገንዘቡ በፊት ግን ጥያቄ አለ፦ ሥጋ ትበላለህ? አግብተሃል? ሃይማኖትህ ምንድን ነው? ከየት አገር ነህ? በሙስሊም ህንዳዊ፣ ብቻዋን በምትኖር ሴትና በአፍሪካዊ ተማሪ ላይ ተመሳሳይ በር ሲዘጋ አይቻለሁ። የብስኩቱ እሽግ ማንነትህን አይጠይቅም። አከራዩ ይጠይቃል።

ከሁሉ የከፋው ያልተጻፈ ዋጋ ግን የጋብቻው ነው። የኛ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ነው የሚሄደው። እዚህ ግልባጩ ነው፤ የሴቷ ቤተሰብ ለወንዱ ይከፍላል። ከ1961 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማንም ዋጋ ብሎ አይጠራውም፣ "ስጦታ" ነው ስሙ። ግን የመንግሥት ሥራ ያለው ሙሽራ፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ በየደረጃው ስንት እንደሚያወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በአገሪቱ የወንጀል መዝገብ ቢሮ መሠረት በዚህ ጣጣ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይሞታሉ። ያልተጻፈ ዋጋ ስለሆነም ተከፍሎ አያልቅም። ከሠርጉ በኋላ ሞተር ሳይክል ይጠየቃል፣ ከሞተር ሳይክሉ በኋላ መኪና።

አሁን ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ።

ኢትዮጵያውያን ለሕክምና ወደ ህንድ ይመጣሉ። ልብ፣ ኩላሊት፣ ካንሰር፣ አከርካሪ። ሀኪሞቹ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ባለፈው ዓመት ባለቤታቸውን ለልብ ሕክምና ያመጡ እናት ለማስተርጎም ሄጄ ነበር። ስሙን ከማልጠራው ሆስፒታል ደጃፍ ካለ ሱቅ ውሃ ገዛሁላቸው፣ ባለሱቁ 20 ሩፒ አለ።

"ልጄ፣ በምን አወቅህ ልክ ነው?" አሉኝ።

"እማማ፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ይኸው።"

ጠርሙሱን አገላብጠው አዩትና "የሱንስ የት ነው የጻፉት?" አሉ። የሚሉት ላይ የተኛውን ባለቤታቸውን ነበር።

መልስ አልነበረኝም። ለዚያው ሕክምና አዲስ አበባ ያለው ደላላ አንድ ዋጋ ነግሯቸዋል፣ አየር ማረፊያ የተቀበላቸው ሰው ሌላ፣ ሆስፒታሉ ሦስተኛ። በብዙ የግል ሆስፒታሎች ለውጭ ታካሚ የተለየ ታሪፍ አለ። ደላላው "አገልግሎቴ በነፃ ነው" ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከሆስፒታሉ ነው፣ ያም ዞሮ ዞሮ በታካሚው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። እኒህ እናት መሬት ሸጠው፣ ከዕድር ተበድረው፣ ከአረብ አገር ልጃቸው ልካላቸው ነው የመጡት። በጠርሙስ ውሃ ላይ የማይታለሉ ሰው በባላቸው ልብ ላይ የሚይዙት ወረቀት አልነበራቸውም።

የማይቻል ሆኖ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2017 የህንድ መንግሥት ልብ ውስጥ በምትገባው ማስፊያ፣ በስቴንት፣ ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ከመቶ ሺህ ሩፒ በላይ ይጠየቅባት የነበረችው መድኃኒት የተቀባች ስቴንት በአንድ ቀን ወደ 29,600 ሩፒ ወረደች። ገበያው አልፈረሰም፣ ሐኪሞቹም ሥራ አላቆሙም። መጻፍ የተፈለገ ዋጋ ይጻፋል ማለት ነው። ሒሳቡ ግን ስቴንቷ ብቻ አይደለችም። አልጋው፣ ቀዶ ጥገናው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ ምርመራው አለ። እነዚህ ላይ የሚወጣው ቁጥር አሁንም እንደ ባጃጁ ሰው እየታየ ነው።

ስለዚህ ዘመድ ልታመጡ ለምታስቡ አንዳንድ ነገር ልበል። ከመነሳታችሁ በፊት ቢያንስ ከሁለት ሆስፒታል፣ በደላላ ሳይሆን በቀጥታ ለውጭ ታካሚዎች ክፍላቸው ጽፋችሁ፣ በሆስፒታሉ ማኅተም የተዘረዘረ ግምት አስልኩ። ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትደሰቱ። ስንት ቀን አልጋ፣ ስንት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደተካተተ፣ ምን እንዳልተካተተ ጠይቁ። ሰውነት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ማሸጊያው ላይ ዋጋ አለው፣ ማሸጊያውን አሳዩን በሉ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ ሐኪሙን አማክራችሁ "ጃን አውሻዲ" የሚባሉትን የመንግሥት ርካሽ መድኃኒት ቤቶች ፈልጉ፤ ያው ፍሬ ነገር ያለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ እጅግ በሚያንስ ዋጋ ይገኛል።

ጨዋነት መስሎን ስለ ገንዘብ መጠየቅ የምናፍር ሰዎች ነን፣ በተለይ ነጭ ጋውን ፊት። እዚህ አገር ግን የብስኩት ዋጋ የሚከራከሩ ሴቶች ማንም ባለጌ አይላቸውም። ማንም ቁጥር ሲጠራላችሁ በትሕትና "ሊክ ኬ ዲጂዬ" በሉ። ይጻፉልኝ ማለት ነው። ከሂንዲ ሌላ ምንም ባትይዙ ይቺን ይዛችሁ ኑ።