ስለ ስዊድንና ስለ ፊንላንድ የመስተዋት ሥራ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል ያገራችን ሰው። ጌጠኛ መስተዋት የሚሰበስቡ ሰዎችም ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ጥቂት ቢነቃ ዋጋው ወዲያው ይወድቃልና። ነገር ግን ሰብሳቢ የዕቃውን ደኅንነት ከመመርመር ሌላ፥ ዕቃው በማን እጅና በማን ትንፋሽ እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም ለመረዳት በስዊድን ደቡብ ወዳለው ወደ ስሞላንድ መሄድ ይጠቅማል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስሞላንድ ጥድ የሞላበት፥ በየመካከሉም ሐይቅ ያለበት፥ መሬቱ ድንጋያም ስለ ሆነ ለእርሻ የማይመች አገር ነው። እህል የነፈገው መሬት እንጨት አልነፈገምና፥ ደኑ ለእቶን ማገዶ ሆነ። በ1742 ኮስኩልና ስታኤል ፎን ሆልስታይን የሚባሉ ሁለት የጦር ሹማምንት በዚያ ደን ውስጥ የመስተዋት ፋብሪካ አቆሙ፤ ከየስማቸው መነሻ ወስደውም ኮስታ አሉት። ከዚያም ወዲህ በዙሪያው ብዙ ፋብሪካ ስለ ተነሣ፥ አገሩ «የመስተዋት መንግሥት» ይባላል። እቶኑ ሌሊትም ስለማይበርድ፥ በበረዶ ወራት የሚንከራተት መንገደኛ እየመጣ ይሞቅበት፥ ዓሣም ይጠበስበት ነበር። ይህ ልማድ ዛሬ ለእንግዳ የሚደረግ ግብዣ ሆኗል።

ከኮስታ በስተ ምሥራቅ ኦሬፎሽ የሚባል መንደር ይገኛል። በዚያ በ1898 የተጀመረው የመስተዋት ፋብሪካ፥ በ1916 ሲሞን ጋቴን፥ በ1917 ኤድቫርድ ሃልድን ንድፍ እንዲያወጡ ቀጠረ። ሁለቱም ሠዓሊዎች ነበሩ እንጂ የእቶን ሰዎች አልነበሩም። በእሳት ፊት እጅ የሆናቸው ክኑት ቤሪክቪስት የሚባል የነፊዎች አለቃ ነው። ነፊ የቀለጠውን መስተዋት በረዥም የብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ በትንፋሹ የሚያሰፋ ሠራተኛ ነው። በ1916 በዚያው ፋብሪካ «ግራል» የተባለው ጥበብ ተገኘ። ይኸውም ቀለም የለበሰውን መስተዋት ቀርጸው ሥዕል ካወጡበት በኋላ፥ እንደ ገና በእሳት አግለው ንጹሕ መስተዋት ያለብሱትና ይነፉታል፤ ሥዕሉም በመስተዋቱ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። የኦሬፎሽ ሥራ በ1925 በፓሪስ ኤግዚቢሲዮን እጅግ ተመሰገነ። በዕቃው እግር ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው የፋብሪካውና የንድፍ አውጪው ስም ነው።

ከባሕሩ ማዶ በፊንላንድም ይኸው የስም ነገር ተነሥቷል። በኢታላ ፋብሪካ ታፒዮ ቪርካላ በ1946 የእንጕዳይ መልክ ያለው ቀጭን የአበባ ማስቀመጫ ነደፈ፤ በ1951ም በሚላኖ ታላላቅ ሽልማቶች ተቀብሎ ስሙ በዓለም ተሰማ። በኑታያርቪ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ካይ ፍራንክ ግን፥ ራሱ ዝነኛ ንድፍ አውጪ ሲሆን፥ በዕለት ማዕድ በሚቀርብ ዕቃ ላይ የአንድ ሰው ስም ሊነገር አይገባም ብሎ በ1960ዎቹ ተከራከረ።

ዛሬ ነገሩ ከክርክር አልፏል። የኦሬፎሽ ፋብሪካ በ2013፥ በ1793 የተቋቋመው የኑታያርቪ ፋብሪካም በ2014 ተዘጋ። የኦሬፎሽ ስም በሌላ ስፍራ በሚሠራ ዕቃ ላይ እየተጻፈ ይኖራል፤ የዚያ እቶን ነፊዎች ትንፋሽ ግን የቀረው በየቤቱና በየቤተ መዘክሩ በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢ ፊርማ ብቻ አይቶ አይግዛ፤ ፊርማ በኋላ ሊቀረጽ ይችላልና። ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት፥ አፉን ዙሪያውን በጣቱ ይዳስስ፥ ቢቻለውም በቬክሼ ከተማ በሚገኘው የስዊድን የመስተዋት ቤተ መዘክር ካሉት ጋራ ያስተያይ። በቤቱም ውሃ በውስጡ አያሳድር፤ የማይለቅ ነጭ ጉም ይተውበታል። ሲያጥብም በእጁ፥ ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ የበረደ መስተዋት የፈላ ውሃ ሲነካው ይነቃል። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ ዕቃው መቼና የት እንደ ተገዛ፥ ማን እንደ ነደፈው፥ ከታወቀም ማን እንደ ነፋው በወረቀት ጽፎ አብሮ ያስቀምጥ። ልጆቹ ዕቃውን ሲወርሱ የሠራተኛውንም ስም አብረው ይወርሳሉ።